የጋራ ቤት ቁልፍ

አበው «ሰማይ ሩቅ ነው፤ አደራ ጥብቅ ነው» ይላሉ። የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል እንደ እኔ ላለ የባንክ ሠራተኛ ይህ ብሂል የየዕለት ሕግ ነው። ካዝናችን የሚከፈተው ሁለት ሰዎች በያዟቸው ሁለት ቁልፎች ነው። በአንድ ወቅት በምሠራበት ቢሮ የነበረው የጋራ ኮምፒውተር ግን ባለቁልፉ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በምሳ ሰዓት ጽፌ በይለፍ ቃል የቆለፍኩትን ግጥም አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ አፍ ሰማሁት። ወጣቱ ክፉ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ስላገኘው ገባ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሩን ታሪክ ስፈልግ ኖርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጋሩበትን ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት ለእይታ አበቁ። ማሽኑ አንድ፣ ተጠቃሚው ብዙ ነውና ለእያንዳንዱ የራሱ የፋይል ማኖሪያና የይለፍ ቃል ተሰጠው። የሁሉም የይለፍ ቃል ግን በአንድ ፋይል ውስጥ እንዳለ፣ ሳይመሰጠር ተቀመጠ።

ብዙም አልቆየ። በ1962 ተመራማሪው አለን ሼር የተመደበለት የማሽን ሰዓት ስላልበቃው፣ ያንን ፋይል እንዲያትምለት ኮምፒውተሩን አዘዘ፤ ማሽኑም ታዘዘ። ሼር ድርጊቱን የተናዘዘው ከ25 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃላቱን ፋይል ያርሙ ነበር። የማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጊዜያዊ የፋይል ስም ይጠቀም ስለነበር ፋይሎቹ ተለዋወጡ። ማስታወቂያውን ለማንበብ የገባ ሁሉ የሰውን ሁሉ ምስጢር አነበበ።

መፍትሔው ከእንግሊዝ፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መጣ። የሮጀር ኒድሃም ሐሳብ በሞሪስ ዊልክስ የ1968 መጽሐፍ ተገለጸ፦ ቃሉን ሳይሆን፣ ወደ ኋላ የማይፈታ ምስጢራዊ አምሳያውን ማስቀመጥ። የዩኒክስ ሰዎች ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰንም ይህንኑ መንገድ አጠንክረው በ1979 ጻፉ። ከዚያ ወዲህ፣ ሥርዓቱ በወጉ ከተሠራ፣ አስተዳዳሪው እንኳ የይለፍ ቃላችንን አንብቦ አያውቀውም።

ታዲያ ግጥሜ እንዴት ተነበበ? ያ ወጣት የይለፍ ቃሌን አላወቀም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። በዩኒክስ «ሩት» የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ፣ በሌሎችም ሥርዓቶች አምሳያው፣ የማንንም ፋይል መክፈት ይችላል። ቁልፋችን ተሰወረ እንጂ ክፍላችን አልተሰወረም። ፋይሉ ራሱ በባለቤቱ እጅ ብቻ ባለ ቁልፍ ካልተመሰጠረ በቀር፣ የይለፍ ቃል የሚከለክለው ጎረቤትን እንጂ የቤቱን ጠባቂ አይደለም።

በባንክ ቤት ሁለተኛው ቁልፍ የተሠራው የመጀመሪያው ባለቁልፍ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። እርሱንም ከፈተና ይጠብቀዋል፤ ገንዘብ ቢጎድል ከሐሜት ያድነዋል። ያ ወጣት እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖርለት ኖሮ፣ ዛሬ ስንገናኝ አንገቱን ባልደፋ ነበር።