የዳንግላ ቆንስላና የንግድ ውሎች

በአገው ምድር የምትገኘው ዳንግላ ዛሬ ከአዲስ አበባ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ጭነት ሁሉ በበቅሎና በአህያ ሲጓዝ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል አስቀምጦባት ነበር። ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከዳንግላ ገበያ ሳይሆን በአዲስ አበባ ከተፈረሙት ውሎች ነው።

በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋር ባደረጉት ውል፣ ስለ ገቢ ዕቃ ቀረጥ ለሌላ አገር ዜጎች የሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ለእንግሊዝም እንዲሰጥ ተስማሙ። አንቀጹ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሣይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል ቀረጡ ከመቶ 10፣ ለአንዳንድ መጠጦችም ከመቶ 8 እንዳያልፍ በወሰነ ጊዜ ግን ለአንዱ የተሰጠው ለሌላውም ደረሰ፤ መንግሥትም ቀረጡን እንደ ፈቃዱ ለማሳደግ ተቸገረ።

በመካከሉ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ የሱዳንን ድንበር የወሰነው ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ምኒልክ ሁለት ነገር ፈቀዱ፤ ይኸውም አንደኛው በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ለመስጠት፣ ሁለተኛው በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት ላለመሥራት ነው። ፊተኛው ጋምቤላን ወለደ፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር። በጎጃም በኩል እንዲህ ያለ ወንዝ የለም፤ ዐባይ ገደል ነው። የዘጌ ቡና በእንስሳት ጀርባ ወደ መተማና ወደ ገላባት ሲሄድ ነጋዴውን የሚያሳስበው የአዲስ አበባ ውል ሳይሆን በየመንገዱ የሚጠብቀው ኬላ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ቆንስል የነበሩት ሻለቃ ቺስማን ስማቸው የሚነሣው በንግድ ሥራ አይደለም። ጣናን ዞረው፣ የዐባይን ሸለቆ ተከትለው ካርታ አንሥተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የ1894ቱን ውል ከሕግ ሊቃውንት ትርጓሜ ይልቅ ይህ ካርታ ያብራራዋል፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል ከዕቃው ይልቅ ውኃው ይፈለግ ነበርና።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ተፈርሞ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፓርላማ ጸድቋል። በዚህኛው የቀረጡን ቅናሽ ዝርዝር የምታቀርበው ኢትዮጵያ ራሷ ናት፤ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩት አገሮችም ከዕቃዎች ዓይነት ከመቶ 90 ያህሉን ከቀረጥ ነፃ ለማድረግ 10 ዓመት ተሰጥቷቸዋል። የዕቃው መነሻ አገር ግን በምስክር ወረቀት መረጋገጥ አለበት። የአገው ማርና ድንች ከዚሁ ምድር የተገኙ ስለ ሆኑ በሕጉ በኩል አያጠራጥሩም፤ ወረቀቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለዳንግላ ነጋዴ ምን ያህል ይቀርበው ይሆን?