በአሜሪካ አገር የፕራክቲካል ነርስ ሞያ በሕግ የታወቀበት ታሪክ

በሽተኛን ማስታመም ከጥንት ጀምሮ የቤተ ዘመድና የጎረቤት ሥራ እንጂ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሞያ አልነበረም። በአሜሪካም እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የነበረው ልማድ ይኸው ነው። ሐኪም ቤት የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ ደኻውና ጠያቂ ያጣው ሲሆን፥ ሌላው በቤቱ ታሞ በቤቱ ይድን ወይም ይሞት ነበር። በደመወዝ የምታስታምመውን ሴት ሁሉ ሰዎች ነርስ ይሏት ነበር፤ ለዚህ ስም ትምህርትም ሆነ ፈተና አያስፈልጋትም። የኋላው ክርክር የተነሣውም ከዚሁ ስም ነው።

በኒው ዮርክ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በ1890ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) የባላርድን ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርቱ ሦስት ወር ያህል ሲሆን፥ ሕፃናትን፥ ሽማግሌዎችንና ሕመም የጸናባቸውን ማስታመም ይማሩበት ነበር። ምግብ ማብሰልም አንዱ ትምህርት ነው፤ የሚሠሩት በሰው ቤት ነውና ይህ ሊያስገርመን አይገባም። በ1907 በቬርሞንት ግዛት በብራትልቦሮ ከተማ የቶምፕሰን ትምህርት ቤት ተከተለ።

ሕጉ ግን ዘገየ። ከ1903 ጀምሮ በየግዛቱ የወጡት የነርስ ሕጎች በአብዛኛው የጠበቁት «የተመዘገበች ነርስ» የሚለውን ማዕርግ ብቻ ነው፤ ማዕርጉን ሳትይዝ በደመወዝ የምታስታምመውን የሚከለክላት አልነበረም። ለፕራክቲካል ነርስ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ በመጀመሪያ ያወጣችው ሚሲሲፒ ናት፤ ዘመኑም 1914 ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የኒው ዮርክ የ1938 ሕግ ነው። ይህ ሕግ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ራሱን ጠበቀ፤ ይኸውም ከሁለቱ ፈቃዶች አንዱን ያልያዘ ሰው በክፍያ እንዳያስታምም ከለከለ። ነገር ግን ጦርነት ስለ መጣ አፈጻጸሙ ለብዙ ጊዜ ተላለፈ። የተመዘገቡት ነርሶች ወደ ጦር ሠራዊቱ በሄዱ ጊዜ ሐኪም ቤቶች የቀራቸው እነዚያው የተናቁት ፕራክቲካል ነርሶች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላም ያለ እነርሱ መሥራት አልተቻለም፤ በ1955 ገደማ ሕጉ በግዛቶቹ ሁሉ ተዳረሰ። በእኔ አስተያየት ሕጉን ያስፋፋው ከትምህርት ቤቶቹ ይልቅ የሠራተኛ እጥረት ነው።

ፈቃዱ ሴቲቱን ከማናቸውም መጤ ተወዳዳሪ ጠበቃት፤ እንዲሁም ወሰን አበጀላት። አንድ ዓመት ያህል ተምራ ተፈትና ብታልፍም፥ በሕግ የምትሠራው በሐኪም ወይም በተመዘገበች ነርስ ትእዛዝ ነው። በ1965 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር የነርስ ትምህርት ሁሉ ወደ ኮሌጅ እንዲገባ ሲያሳስብ፥ ለሞያው አራት ዓመት፥ ለቴክኒክ ነርስ ሁለት ዓመት መደበ፤ የአንድ ዓመቱ ትምህርት ቤት በዚህ ዕቅድ ውስጥ ሥፍራ አላገኘም።

ፈቃዱ ግን አልጠፋም። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ «ቮኬሽናል ነርስ» ቢሉትም በየግዛቱ ዛሬም ይሰጣል፤ ወደ ተመዘገበች ነርስ ማዕርግ ለማለፍ የምትሻ ግን እንደገና ትምህርት ቤት መግባት አለባት። ትልልቆቹ ሐኪም ቤቶች ቁጥራቸውን እየቀነሱ ስለ ሄዱ፥ ዛሬ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በብዛት የሚቀጠሩት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ ይኸውም በባላርድ ትምህርት ቤት ከተማሩት አንዱ፥ ሽማግሌዎችን ማስታመም ማለት ነው።