ከጥርስ ነቀላ በኋላ፦ የአዝ-ዘህራዊ ትምህርትና የእኛ ኃላፊነት

በአንዳሉስ፣ በቁርጡባ አቅራቢያ የኖሩት አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (በ1013 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፉ) «ኪታቡ አት-ተስሪፍ» በተሰኘው ሥራቸው 30ኛና የመጨረሻ ክፍል ስለ ጥርስ ነቀላ ጽፈዋል። ነቀላን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጉታል። ሕመም ሰውን ስለሚያታልል ጤነኛው ጥርስ ተነቅሎ የታመመው እንዳይቀር ያስጠነቅቃሉ፤ ጥርሱም ቀስ በቀስ ተነቃንቆ እንዲወጣ ያስተምራሉ። ከነቀላ በኋላ ካዘዟቸው መጉመጥመጫዎች አንዱ ኮምጣጤና ጨው ነው። ብርቱ ወቀሳቸው ያረፈው ግን ጥርሱን ሰብረው ሥሩን በሚተዉ፣ ወይም የመንጋጋ አጥንት ቆርሰው በሚያወጡ አላዋቂ ሐጃሞች ላይ ነው፤ ይህ ከቀድሞው የባሰ ሕመም ያስከትላልና።

ከዚህ የምንረዳው ማገገም የሚጀምረው ከነቀላው በፊት በሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን ነው። ስለዚህ በስማቸው የጥንቱን መድኃኒት ማዘዝ እሳቸውን መከተል አይደለም። የዘመናችን ሐኪሞች እንደሚያስረዱት እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን በርትቶ ከዚያ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ወይም በማናቸውም ጊዜ ትኩሳት አለዚያም የመዋጥ ችግር ከታየ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ፉቀሃዎች አስፍረዋል። ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ከሐኪም አስቀድሞ የሚያማክረን እኛም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለንም።