የሶፍትዌር ዝማኔና የመተግበሪያ ፈቃድ

የሶፍትዌር ዝማኔ፣ በተለምዶ አፕዴት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ስሕተት የሚያርምና የደኅንነት ክፍተቱን የሚደፍን ለውጥ ነው። የመተግበሪያ ፈቃድ ደግሞ መተግበሪያው ካሜራ፣ ማይክሮፎን ወይም ፋይል እንዲጠቀም ባለቤቱ የሚሰጠው ይሁንታ ነው።

በኢትዮጵያ፦ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ተካተተ፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነጻ የዝማኔ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ መስመር በሌለበት ዝማኔም አይደርስም።

አጠቃቀም፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ ባሉ ከተሞች የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው፣ በዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩን «ሜተርድ» (ፍጆታው የሚቆጠር) ብሎ መመዝገብ አብዛኛው ዝማኔ በራሱ እንዳይወርድ ያደርጋል። በአንድ መረብ ያሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የወረደውን ዝማኔ መጋራት ስለሚችሉ፣ ይህ ለትምህርት ቤት ትልቅ ቁጠባ ነው።

መፍትሔ፦ ከዝማኔ በኋላ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን እምቢ ካለ፣ በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ከፍቶ ፈቃዱን ማብራት፣ ከዚያም መተግበሪያውን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው። ለማይታወቅ መተግበሪያ ግን ፈቃድ መንፈግ ይገባል።