ስሙ ያሳሳተው ባክቴሪያ

ጉንፋን ይዞን ፋርማሲ ገብተን «አሞክሳሲሊን አለ?» ያላልን ስንቶቻችን ነን? አይፈረድብንም። የዓለም ታላላቅ ሐኪሞችም ለ40 ዓመት ያህል ቫይረስን በባክቴሪያ አምታተዋል።

በ1892 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር ከኢንፍሉዌንዛ ታማሚዎች አክታ ውስጥ ደቃቅ ባክቴሪያ አገኘና «መንስኤው ይሄ ነው» አለ። የታላቁ ሮበርት ኮክ ባልደረባ ስለነበር ብዙዎች አመኑት።

ከዚያ 1918 መጣ። እኛ ጋ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ስንቱን ቤት የዘጋው ወረርሽኝ ማለት ነው። ሐኪሞች የፋይፈርን ባክቴሪያ ፍለጋ ማይክሮስኮፕ ላይ አፈጠጡ። አንዱ ታማሚ ላይ ይገኛል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ክትባት ሳይቀር ሠሩበት። እውነቱ የታወቀው በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። ስሚዝ፣ አንድሪውስና ሌይድሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከታማሚ ጉሮሮ የወሰዱትን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርተው ፌሬት ለሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ሰጡ። እንስሳቱ ታመሙ። መንስኤው ቫይረስ ነበር። የፋይፈር ባክቴሪያ ግን እስከ ዛሬ «ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ» ይባላል፤ ስህተቱ ስም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ፋይፈር ያየው ውሸት ነበር? አልነበረም። ቫይረሱ የመተንፈሻ አካልን ሲጎዳ ባክቴሪያ ተከትሎ ይገባል። ከ1918ቱ ሟቾች የተቀመጡ የሳንባ ናሙናዎች በኋላ ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ላይ በባክቴሪያ የመጣ የሳንባ ምች ተገኝቷል።

ዛሬም ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ የሚገጥማት ጥያቄ ያው ነው። ሳልና ትኩሳት ሁለቱም ያመጣሉ። የአክታ ቢጫ መሆን ብቻውን ባክቴሪያ ነው አያሰኝም። በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ የተገኘው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው የደም ምርመራ ይረዳል፤ ግን እሱም ብቻውን አይፈርድም። ስለዚህ ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ ሳል የያዘው ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ትጠረጥራለች። በሽታው መቼ እንደጀመረና እንዴት እንደሄደም ትጠይቃለች።

እና «ምን ልስጥህ?» ከማለቷ በፊት «ስንት ቀን ሆነህ?» ስትልህ አትሰልች። ተራ ጉንፋን አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል። «ተሽሎኝ ነበር፣ እንደገና ትኩሳቱ ጣለኝ» ወይም «ትንፋሽ አጠረኝ» የምትል ከሆነ ግን ፋርማሲውን እለፈውና ሐኪም ጋ ሂድ።