ፍራንሲስካ ፍሎሬስ እና የመንግሥት ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1970 ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በአስለቃሽ ጭስ ታፈነች። የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው አደባባይ የወጡ ሜክሲኳዊ አሜሪካውያን በፖሊስ ተበተኑ፤ ጋዜጠኛው ሩበን ሳላዛርም በዚያው ቀን ተገደለ። ይህን ሰልፍ የማያነሣ የዘመኑ ታሪክ የለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሳክራሜንቶ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሜክሲኳዊ አሜሪካውያት ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር፣ ኮሚሲዮን ፌሜኒል ሜክሲካና ናሲዮናልን፣ መመሥረታቸውን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከመሥራቾቹ አንዷ ፍራንሲስካ ፍሎሬስ ያን ጊዜ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግተው ነበር። በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ለዓመታት አልጋ ላይ አውሏቸዋል። ከዳኑ በኋላ ሕይወታቸው ቅስቀሳና ጽሑፍ ሆነ፤ ለመጽሔታቸው እንኳ «ሬጄኔራሲዮን» የሚለውን ስም የሰጡት የሜክሲኮ አብዮተኞቹን የፍሎሬስ ማጎን ወንድማማቾች ጋዜጣ አስታውሰው ነው። እኒህ ሴት ናቸው እንግዲህ በፕሬዝዳንት ኒክሰን ዘመን ከዋሽንግተን ገንዘብ የጠየቁት!

ተሳካላቸውም። በ1972 ከፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር በተገኘ ድጎማ ቺካና ሰርቪስ አክሽን ሴንተር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተከፈተ። ቺካና የሚባሉት ሜክሲኳዊ አሜሪካውያት በልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በቆርቆሮ ምግብ ማሸጊያና በሰው ቤት በዝቅተኛ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ማዕከሉ ሙያ ያሰለጥናቸው፣ ያማክራቸው፣ ሥራም ያፈላልግላቸው ነበር። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን ማኅበሩ ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት የሕፃናት ማቆያ፣ ሴንትሮ ዴ ኒኞስን፣ መክፈቱ ነው። ልጇን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት የሥልጠናው በር ቢከፈትላትም አትገባም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ችግሩ የገንዘቡ ሕግ መለዋወጡ ነበር። በ1973 መጨረሻ የወጣው የሥራና ሥልጠና ሕግ የፌዴራሉን ገንዘብ በከተሞችና በካውንቲዎች እጅ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ የሚጠናው በማዘጋጃ ቤት ሆነ። በ1982 ፕሬዝዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ደግሞ ለነጋዴዎች ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ፣ ከገንዘቡም ቢያንስ 70 ከመቶው ለሥልጠና ብቻ እንዲውል አዘዘ። ለአስተዳደር፣ ለትራንስፖርትና ለልጆች ማቆያ በጥቅሉ የተረፈው 30 ከመቶ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ቁጠባ ይሉት ይሆናል፤ ልጅ ታቅፋ ለመጣች ሴት ግን ዋናው ወጪ የተቆረጠው ያኔ ነው።

የማኅበሩ ሴቶች ግን ደጅ ጠኚ ብቻ ሆነው አልቀሩም። በዚያው ዓመት፣ በ1970ዎቹ ማኅበሩን በፕሬዝዳንትነት የመሩት ግሎሪያ ሞሊና ለካሊፎርኒያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ከላቲና ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። በ1991 የሎስ አንጀለስ ካውንቲን በጀት የሚያጸድቀውን ባለአምስት ወንበር ቦርድ ተቀላቀሉ፤ እስከ 2014ም አልለቀቁትም።