ስለ ሠንጠረዦች የሚናገሩ ሠንጠረዦች፤ የመረጃ ሰርቨር ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ታሪክ

በዚህ አጭር ጥናት ለመመርመር ያሰብሁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የመረጃ ቋት የሚያስተዳድር ሰርቨር «የተማሪዎቹን ስም ስጠኝ» ሲባል እንደሚመልስ ሁሉ፥ «ምን ምን ሠንጠረዦች አሉህ? በየሠንጠረዡስ ምን ምን ዓምዶች ይገኛሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን ከየት ያመጣዋል? ስለ መረጃ የሚናገረውን ይህን መረጃ ባለሙያዎች ሜታዳታ ይሉታል። ብዙዎቻችን መልሱ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ብዙ የተደከመበትና ዛሬም ያላለቀ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት የአንድ ፋይል አቀማመጥ የሚታወቀው በሚያነበው ፕሮግራም ውስጥ ነበር። በኮቦል ቋንቋ የሚሠራ ሰው የፋይሉን አከፋፈል በፕሮግራሙ የመረጃ ክፍል ላይ ይጽፋል፤ ፋይሉ ራሱ ግን ተከታትለው የተቀመጡ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ነው። ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ፊደል ስም እንደ ሆነ፥ ከዚያ ወዲያም ደመወዝ እንደ ሆነ ፋይሉን ቢጠይቁት አይናገርም። ስለዚህ ያ ሰው ሥራውን የለቀቀ እንደ ሆነ ዕውቀቱም አብሮት ይሄድ ነበር።

በሰኔ ወር 1970 ዓ.ም. ኤድጋር ኮድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ፥ በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ በሚገኘው በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ቤት ሲሠሩ፥ ዝነኛውን ጽሑፋቸውን አወጡ። የጽሑፉ ዋና ነገር መረጃን የሚጠቀም ሰው መረጃው በማሽኑ ውስጥ በምን ቅደም ተከተልና በምን መንገድ እንደ ተቀመጠ ለማወቅ እንዳይገደድ፥ ሁሉም ነገር በሠንጠረዥ መልክ ይቅረብለት የሚል ነበር። ከዚህ አሳብ አንድ ሌላ ነገር ይከተላል፤ ይኸውም፥ ሁሉም ነገር ሠንጠረዥ ከሆነ የሠንጠረዦቹ ዝርዝርስ ስለ ምን ሠንጠረዥ አይሆንም?

ይህን በሥራ ያሳዩት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው በዚያው በሳን ሆሴ ሲስተም አር የተባለውን የሠራው ቡድን ሲሆን፥ ሁለተኛው በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከርና በዩጂን ዎንግ መሪነት ኢንግረስን የሠራው ነው። ሁለቱም በ1976 ዓ.ም. ሥራቸውን በጽሑፍ ገልጸዋል። በኢንግረስ ውስጥ ሁለት ልዩ ሠንጠረዦች ነበሩ፤ በአንደኛው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ይያዛል፥ በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ረድፍ። ልብ ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ራሱም በራሱ ውስጥ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ንብረት በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይመዘገብ እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ወንጌሉም ከንብረቱ አንዱ ነውና።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፥ እኔንም ብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ሰርቨሩ አንድን ሠንጠረዥ ለማንበብ አስቀድሞ ዓምዶቹን ከካታሎጉ ማወቅ ይገባዋል፤ ካታሎጉም ሠንጠረዥ ነውና እርሱን ለማንበብ ደግሞ ካታሎጉን ማንበብ ሊያስፈልገው ነው። ከበርክሊ የተወለደው ፖስትግሬስ ይህን ክብ የሚሰብረው እንዲህ አድርጎ ነው። የጥቂቶቹ ዋና ዋና ካታሎጎች መልክ፥ ማለት የሠንጠረዦቹ፥ የዓምዶቹ፥ የዓይነቶቹና የተግባሮቹ፥ በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። የመረጃ ቋቱ መጀመሪያ ሲቋቋም ሰርቨሩ በልዩ ሁኔታ ተነሥቶ፥ ያን የተጻፈለትን መልክ ተከትሎ እነዚህን ሠንጠረዦች ይፈጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ በተራ ሥርዓት ይሄዳል። እንግዲህ በፖስትግሬስ አንድ ሰው የሠንጠረዥን ዝርዝር በአጭር ትእዛዝ ሲጠይቅ፥ የደንበኛው ፕሮግራም ትእዛዙን ወደ ተራ የምርጫ ጥያቄ ለውጦ ወደ ካታሎጎቹ ይልከዋል። ለሜታዳታ ብቻ የተለየ በር የለም ማለት ነው።

ዶክተር ኮድ በ1985 ዓ.ም. ስለ ሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋት ዐሥራ ሁለት የሚባሉትን ደንቦች ሲያወጡ አራተኛውን ለዚህ ጉዳይ ሰጡት። የመረጃ ቋቱ መግለጫ እንደ ተራው መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ፈቃድ ያለውም ሰው በዚያው በተለመደው ቋንቋ ይጠይቀው የሚል ነው። ይህ የንድፈ አሳብ ሰው ጌጥ ብቻ የሚመስለው ቢኖር የማይ ኤስ ኪው ኤልን ታሪክ ይመልከት። በዚህ ሥርዓት እስከ 2018 ዓ.ም. ድረስ የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መግለጫ በዲስክ ላይ በተለየ ፋይል ይቀመጥ ነበር፤ መረጃውን የሚይዘው ሞተር ደግሞ የራሱ ሌላ መዝገብ ነበረው። አንድ ሠንጠረዥ በሚሰረዝበት ቅጽበት ማሽኑ ቢቆም፥ በአንዱ መዝገብ «አለ»፥ በሌላው «የለም» የሚባል ሠንጠረዥ ሊቀር ይችል ነበር። ደግሞም ስለ ብዙ ሠንጠረዦች የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ፋይሎቹ በየተራ እየተከፈቱ ስለ ነበር እጅግ ይዘገይበት ነበር። ስምንተኛው እትም ሁሉን በአንድ የሠንጠረዥ መዝገብ ውስጥ ሲያጠቃልል ሁለቱም ችግር ቀለለ። ደንቡ ከተጻፈ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኤስ ኪው ኤል ስታንዳርድ ኢንፎርሜሽን ስኪማ የተባለውን የጋራ መልክ ደነገገ። ኦራክል ግን እስከ ዛሬ በራሱ መዝገበ ቃላት ይሠራል። በስታንዳርዱ ውስጥ ዋናው ነገር፥ በእኔ አስተያየት፥ መልሱ እንደ ጠያቂው መለያየቱ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየው ፈቃድ ያለውን ነገር ብቻ ነው። በፖስትግሬስ የራሱ ካታሎጎች ዘንድ ግን ወደ ቋቱ የገባ ሁሉ የሠንጠረዦቹን ስም ማንበብ ይችላል፥ ውስጣቸውን ባያይም። ስም ብቻውን ምን ይጎዳል የሚል ይኖር ይሆናል። አንድ ሆስፒታል ሠንጠረዡን በበሽታ ስም ቢሰይመው ግን ስሙ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ በድረ ገጽ ቅጽ በኩል የራሳቸውን ጥያቄ ሾልከው የሚያስገቡ ሰርጎ ገቦችም የሚሰርቁት ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከዚሁ ካታሎግ ነው።

በዚያው ዘመን የማይክሮሶፍት ኦ.ዲ.ቢ.ሲ.፥ ቀጥሎም በ1997 ዓ.ም. የጃቫው ጄ.ዲ.ቢ.ሲ. ስለ ሠንጠረዦችና ስለ ዓምዶች የሚጠይቁ የተወሰኑ ጥሪዎችን አቀረቡ። በመካከል የሚቆመው አሽከርካሪ ፕሮግራም ጥሪውን ለየሰርቨሩ ካታሎግ በሚስማማ ጥያቄ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ግን ወጥመድ አለበት። ስታንዳርዱ ያለ ጥቅስ የተጻፈውን የላቲን ስም ወደ ትልልቅ ፊደላት ሲለውጥ ፖስትግሬስ ወደ ትንንሾቹ ይለውጠዋል። በትልልቅ ፊደላት የጠየቀ ሰው እንግዲህ ባዶ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ስሕተት መሥራቱ አይነገረውም፤ ሰርቨሩ በጸጥታ ዜሮ ረድፍ ብቻ ይልክለታል። ባዶ መልስ ካየ ፕሮግራም ይልቅ «አላወቅሁም» የሚለውን ብናምን ይሻል ነበር።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በዚህ በኩል ዐርፈናል። «ተማሪዎች» ተብሎ የተሰየመ ሠንጠረዥ በፖስትግሬስ ያለ ጥቅስ ይፈጠራል፥ በካታሎጉም እንዳለ ይገኛል። በካታሎጉ ውስጥ ለስም የተሰጠው ስፍራ ግን 63 ባይት ብቻ ነው፤ በተለመደው የዩ ቲ ኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና ለእኛ 21 ፊደል ብቻ ይቀርልናል። እንግሊዛዊው በዚያው ስፍራ 63 ፊደል ይጽፋል። ከዚህ የበለጠው ተቆርጦ ይቀራል፤ ሰርቨሩም መቁረጡን በአጭር ማስታወቂያ ይናገራል፥ ማስታወቂያውን የሚያነብ ከተገኘ።